ስማቸውን የፈለጉ የባሕር ማራገቢያዎች፦ የፓሲፊጎርጊያ ናሙናዎች የጉዳይ ጥናት

ከመካከለኛው አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ተሰብስበው ወደ ሙዚየም የገቡ፣ ቅርንጫፎቻቸው እርስ በርስ ተጋጥመው መረብ የሠሩ፣ የባሕር ማራገቢያ የሚባሉ ደረቅ ኮራሎች ከመቶ ዓመት በላይ የሚገባቸውን ስም ሳያገኙ ቆይተዋል። አንዴ ጎርጎኒያ፣ አንዴ ሪፒዶጎርጊያ፣ አንዴ ሊቲጎርጊያ፣ አንዴ ሌፕቶጎርጊያ ተብለዋል። በመጨረሻ በ1951 ፓሲፊጎርጊያ የሚባል የራሳቸው ጂነስ፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት የምደባ ቡድን፣ ተሰጣቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዝርያዎቻቸው አንድ በአንድ የተጣሩት ግን ከዚያም ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ማጣራት ይከተላል። ጉዳዩን የመረጥኩት የጎርጎኒያን ኮራል ናሙናን በመግለጽና በመለየት መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ስለማላውቅ ነው። ችግሩ የተፈጠረው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የተፈታውም እዚያው፣ የዚያኑ ዘመን ደረቅ ናሙናዎች መልሶ በማየት ነው።

ደረቅ ናሙና ምን ይዞ ይቆያል?

ጎርጎኒያን ኮራሎች ተክል ቢመስሉም እንስሳት ናቸው። አንዱ ማራገቢያ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፖሊፖች አብረው የሚኖሩበት ኮሎኒ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ስምንት እጆች አሉት፤ በእጆቹ ግራና ቀኝ ደግሞ ትናንሽ ጣቶች የመሰሉ ቅጥያዎች ተደርድረዋል። በቅርንጫፉ መሃል ጎርጎኒን ከሚባል ቀንድ መሰል ፕሮቲን የተሠራ ጠንካራ ዘንግ ያልፋል። ዘንጉን ሥጋው ይሸፍነዋል፤ በሥጋው ውስጥ ደግሞ ስክሌራይት የሚባሉ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ታጭቀዋል። እዚህ በምናወራለት የጎርጎኒዴ ቤተሰብ ቅንጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 ሚሊሜትር አይበልጡም።

ኮሎኒው ከባሕር ወጥቶ ሲደርቅ ፖሊፖቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ይጨማደዳሉ፣ እጆቹ አይታዩም፣ ሥጋውም ቀጭን ቅርፊት ይሆናል። ዓመታት ሲቆጠሩ ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። በሕይወት እያለ ማራገቢያውን ያየ ጠላቂ የደረቀውን ቢያሳዩት ላያውቀው ይችላል። ዘንጉና ስክሌራይቶቹ ግን ባሉበት ይቆያሉ። የቅርንጫፉ አወጣጥ፣ የመረቡ ቀዳዳ ስፋት፣ ፖሊፖቹ የገቡባቸው ጉብታዎች አቀማመጥም እንዳለ ይቀራል።

በጎርጎኒዴ ቤተሰብ ሌላም ዕድል አለ። ቀለሙ ያለው በራሳቸው በስክሌራይቶቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ በመሳቢያ የኖረ ናሙና ቀዩን፣ ቢጫውን ወይም ሐምራዊውን እንደያዘ ሊገኝ ይችላል። ቡናማነታቸውን በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ አልጌዎች በሚያገኙት ሌሎች ጎርጎኒያኖች ዘንድ ይህ አይሠራም፤ ከሞቱ በኋላ ቀለማቸው ብዙም የሚያስረዳው ነገር የለም። በዚህ ምክንያት የፓሲፊጎርጊያ ደረቅ ክምችት ከብዙ ዘመዶቹ ይልቅ ለጥናት የሚመች ነው።

ስሞቹ እንዴት ተደራረቡ?

ካርል ሊኔየስ በ1758 ጎርጎኒያ ፍላቤሉም እና ጎርጎኒያ ቬንታሊና የሚሉትን ስሞች ሲያወጣ በእጁ የነበረው መለያ በዓይን የሚታይ ቅርጽ ብቻ ነበር። ዝርግ ሆኖ መረብ የሠራ ኮራል ያገኘ ሁሉ ከዚያ በኋላ ወደዚያው ስም መሄዱ አይገርምም። አሺል ቫለንሲየን በፈረንሳዩ መርከብ ቬኑስ የ1836–1839 የዓለም ዙሪያ ጉዞ የተገኘውን የፓሲፊክ ማራገቢያ በ1846 ጎርጎኒያ ስቴኖብሮኪስ ብሎ የሰየመውም በዚሁ መንገድ ነው። ይኸው ዝርያ ከብዙ ዓመት በኋላ የፓሲፊጎርጊያ ጂነስ መሠረት ይሆናል።

ዋናው ሰው ግን አዲሰን ኤመሪ ቬሪል ነው። በሃርቫርድ የሉዊ አጋሲ ተማሪ ነበር፤ በ1864 ዬል የመጀመሪያው የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። በዚያው ዓመት የሃርቫርዱ የንጽጽር ሥነ እንስሳት ሙዚየም ለሌሎች ተቋማት በልውውጥ የላካቸውን ፖሊፖችና ኮራሎች ዝርዝር ከማብራሪያ ጋር አሳተመ። ዛሬ ፓሲፊጎርጊያ አጋሲዚ እና ፓሲፊጎርጊያ ሜዲያ የሚባሉት ዝርያዎች ከስማቸው ቀጥሎ 1864 የሚለውን ዓመት የያዙት ከዚህ ጽሑፍ የተነሳ ነው።

የጽሑፉን ዓይነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የልውውጥ ዝርዝር ነው። ዝርያዎቹ በተገለጹበት ጊዜ ናሙናዎቹ እየተከፋፈሉ ወደተለያዩ ተቋማት በመሄድ ላይ ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህ ልግስና ነበር፤ ብዙ ተቋማት ክምችታቸውን የገነቡት በልውውጥ ነው። የአንድ ኮሎኒ ቁራጭ በአንድ ከተማ፣ ሌላው ቁራጭ በሌላ ከተማ ሲቀመጥ ግን የትኛው የስሙ ባለቤት እንደሆነ ማረጋገጥ ለተከታዩ ትውልድ የሚተርፍ ሥራ ይሆናል።

ቬሪል ወደ ዬል ከተዛወረ በኋላ ፍራንክ ብራድሊ ከፓናማና ከፐርል ደሴቶች የሰበሰባቸው ናሙናዎች ደረሱት፤ ከሌሎች ሰብሳቢዎችም ከምዕራቡ ዳርቻ ልዩ ልዩ ቦታዎች መጡለት። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ከ1868 ጀምሮ የአሜሪካን ምዕራባዊ ዳርቻ ኮራሎችና ፖሊፖች የሚገመግም ሰፊ ሥራ አሳተመ። ዛሬ ፓሲፊጎርጊያ አዳምሲ እና ፓሲፊጎርጊያ ሩቲላ የምንላቸው ከዚያ ዘመን የተገኙ ናቸው።

ለቬሪል ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ምክንያቱም የገለጸው እንደ ዘመኑ ሰዎች በጥቅሉ አልነበረም። የኮሎኒውን ቁመትና ስፋት፣ የቅርንጫፉን ውፍረት፣ የመረቡን ቀዳዳ፣ የፖሊፖቹን ጉብታ፣ ቀለሙን ጽፏል። ከዚያም አልፎ ስክሌራይቶቹን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሚሊሜትር ለክቷቸዋል። ቫለንሲየን ስክሌራይት ለምደባ እንደሚጠቅም ያመለከተው በ1855 ነበር፤ አልበርት ፎን ኮሊከር ሰፊ ሥዕላዊ ጥናቱን ያወጣው በ1860ዎቹ አጋማሽ ነው። ቬሪል አዲሱን ዘዴ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሁለት ነገር። አንደኛው የማይክሮስኮፑ አቅም ነው። በብርሃን ማይክሮስኮፕ የአንድን 0.1 ሚሊሜትር ቅንጣት አጠቃላይ ቅርጽ፣ ርዝመትና ቀለም ማየት ይቻላል፤ የላዩን እሾህና ኪንታሮት አደራደር በጥራት ማየት ግን ያስቸግራል። ሁለተኛው ልማድ ነው። የዘመኑ ጸሐፊዎች «የዚህ ስም ባለቤት ይህ አንድ ናሙና ነው» ብለው የመለየት ግዴታ አልነበረባቸውም። ብዙ ናሙና በአንድነት አይተው አንድ መግለጫ ይጽፉ ነበር። በዚያ ክምር ውስጥ ሁለት ዝርያ ተቀላቅሎ ከሆነ መግለጫውም የሁለቱ ቅይጥ ይሆናል።

የጂነሱ ስም በአንድ ሰው እጅ እንኳ መለዋወጡ የዚህ ውጤት ይመስለኛል። ቬሪል ዝርያዎቹን በሚገባ ለይቷል፤ የቸገረው የትኛው ትልቅ ቤት ውስጥ እንደሚያስገባቸው ነበር።

የጠፋው ታንኳ

ፍሬድሪክ ባየር በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ዕድሜውን በስምንት እጅ ኮራሎች ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፤ በ1921 ተወልዶ በ2007 አረፈ። በ1951 የጎርጎኒዴን ቤተሰብ ስያሜ ሲከልስ ጥያቄውን ከመረቡ ቅርጽ አንሥቶ ወደ ስክሌራይቱ ቅርጽ አዞረው።

የካሪቢያኖቹ እውነተኛ ጎርጎኒያዎች ሥጋ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሚለዩ ቅንጣቶች አሉ። እንደ ታንኳ የጎበጡ ናቸው፤ የጎበጠው ውጫዊ ጀርባቸው ለስላሳ ወይም ጥቂት ኪንታሮት ያለበት ሲሆን የውስጥ ጎናቸው ግን በኪንታሮት የተሞላ ነው። የሙያው ሰዎች ስካፎይድ ይሏቸዋል። ከፓሲፊክ የመጡት መረብ ሠሪ ማራገቢያዎች ይህ ቅንጣት የላቸውም። በእነሱ ሥጋ የሚገኙት ቀጥ ያሉ እንዝርቶችና ካፕስታን የሚባሉ አጫጭር ቅንጣቶች ናቸው። ካፕስታን አጭር ዘንግ ነው፤ በወገቡ ግራና ቀኝ ሁለት የኪንታሮት ቀለበቶች፣ በሁለቱም ጫፎቹ ደግሞ የኪንታሮት ጉንጉን አለው።

ይህን ካየ በኋላ ባየር የፓሲፊኮቹን ለይቶ ፓሲፊጎርጊያ የሚል ጂነስ አቆመ፤ ለመሠረትነትም የቫለንሲየንን ስቴኖብሮኪስ መረጠ። በዚያው ሥራ ፓሲፊጎርጊያ አይሪን የሚባል አዲስ ዝርያም ገለጸ። ጎርጎኒያ የሚለው ስም ለምዕራብ አትላንቲኮቹ ብቻ ቀረ።

መረብነት ሁለቱ ቡድኖች በየፊናቸው የደረሱበት ቅርጽ ሊሆን ይችላል። ማዕበል በሚገፋበት ቦታ ተተክሎ ከሚያልፈው ውሃ ምግቡን ለሚለቅም ኮሎኒ ዝርግና ቀዳዳ ያለው አካል ይጠቅመዋል። በሌላ ባሕር ያለ ሌላ ወገንም ያንኑ ሊያዳብር ይችላል። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይቶ መሰየም ለስሕተት ያጋልጣል። ይህን ስል ቅርጹ አይረባም ማለቴ አይደለም። በጎርጎኒያ ውስጥ ሁለቱን የሊኔየስ ዝርያዎች ለመለየት የመጀመሪያው መለያ ዛሬም የቅርንጫፎቹ ጥፍጥፍነት ነው፦ በፍላቤሉም ትንንሾቹ ቅርንጫፎች ለማራገቢያው ገጽ በቀጥታ ማዕዘን ይጠፈጠፋሉ፤ በቬንታሊና ክብ ወይም ከማራገቢያው ገጽ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተጠፈጠፉ ናቸው። ይህ በደረቅ ናሙና ላይ በባዶ ዓይን ይታያል። ነገር ግን ጥያቄው መነሳት ያለበት ናሙናው ጎርጎኒያ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ታንኳውን ማግኘት ያስፈልጋል።

ታንኳ መገኘቱ ብቻውንም አይበቃም። አንቲሎጎርጊያ የሚባሉት ላባ መሰል የካሪቢያን ጎርጎኒያኖችም ስካፎይድ አላቸው፤ እነሱ ግን መረብ አይሠሩም። ዩጎርጊያ በሚባለው የፓሲፊክ ጂነስ ደግሞ ኪንታሮቶቹ ተጋጥመው ሁለት ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ የሚመስል ቅንጣት ይገኛል። ቅርጹና ቅንጣቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ጂነሱ የሚጠራው።

ሥራው በጠረጴዛ ላይ

ባየር ጂነሱን አቆመ እንጂ የቬሪል ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ምን እንደሆኑ ገና አልጠራም ነበር። ይህን የወሰዱት የኮስታ ሪካ ዩኒቨርሲቲዋ ኦዳሊስካ ብሪዲ እና በፓናማ የስሚዝሶኒያን ትሮፒካል ምርምር ተቋም የሚሠራው ሄክተር ጉዝማን ናቸው። የጂነሱን ክለሳ በ2002 አሳተሙ። ወደ ባሕሩም ወርደዋል፤ ክለሳው የቆመው ግን በዬል ፒቦዲ ሙዚየም፣ በሃርቫርድና በስሚዝሶኒያን በተቀመጡት የቬሪል ናሙናዎች ዳግም ምርመራ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ምርመራ እንዴት እንደሚሄድ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ናሙና መለየት ማለት ሥዕል ከሥዕል ማመሳከር ይመስለዋልና።

መጀመሪያ ናሙናው ሳይነካ ይመዘገባል። በሁለቱም ገጽ ፎቶ ይነሳል፤ ከጎኑ ማስመሪያ ይደረጋል። ቁመቱና ስፋቱ፣ ከመሠረቱ የሚነሱ ወፍራም ግንዶች መኖር አለመኖራቸው፣ በማራገቢያው መሃል ጎልቶ የሚወጣ አጥንት መሰል ቅርንጫፍ መኖሩ ይጻፋል። የመረቡ ቀዳዳዎች ርዝመትና ወርድ ከጫፍ፣ ከመሃልና ከሥር ለየብቻ ይለካሉ፤ በአንዱ ኮሎኒ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉምና። የአንድ ቀዳዳ ልክ ብቻ የተጻፈበት መግለጫ ለንጽጽር አይመችም። የፖሊፖቹ ጉብታዎች ጠፍጣፋ ይሁኑ ከፍ ያሉ፣ በሁለቱ ጎኖች ብቻ ይሰለፉ ወይም በሁሉም ዙሪያ ይበተኑ፣ ይህም ይጻፋል። ቀለሙ የሚጻፈው «ደረቅ» ከሚል ቃል ጋር ነው።

ከዚያ ቁራጭ ይወሰዳል። ጥቂት ሚሊሜትር ይበቃል፤ የሚወሰደውም ማራገቢያውን ከማያበላሽ ቦታ፣ ከተቻለ በሳጥኑ ውስጥ ከረገፈው ላይ ነው። ከረገፈው መውሰድ ግን አደጋ አለው። በአንድ ሳጥን ብዙ ኮሎኒዎች ከነበሩ ከሥር የተጠራቀመው ዱቄት የሁሉም ቅይጥ ነው፤ አንድ የባዕድ ስክሌራይት ወደ ስላይዱ ቢገባ የተሳሳተ ጂነስ ሊያስጠራ ይችላል። ስለዚህ ቁራጩ ከዘንጉ ጋር ገና የተያያዘ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ወረንጦውንም ከናሙና ወደ ናሙና ሲሻገሩ ማጠብ የሥራው ግማሽ ነው። በጎርጎኒያን ክምችት ውስጥ ከሚፈጠሩ ግራ መጋባቶች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ የዱቄት ቅልቅል ይመስለኛል፤ በመግለጫዎች ውስጥ ግን ብዙም ሲጠቀስ አላይም።

ቁራጩ በረኪና ላይ ይጣላል። በረኪናው ሥጋውን ያሟሟል፣ አረፋ ይወጣል፣ ስክሌራይቶቹ ወደ ታች ይሰፍራሉ። ፈሳሹ በጥንቃቄ ይቀዳና በተጣራ ውሃ በተደጋጋሚ ይታጠባል፤ በረኪና ከቀረ ሲደርቅ የጨው ቅንጣት ይሠራል፣ ያም የስክሌራይቱን ገጽ ይሸፍናል። በመጨረሻ በአልኮል ታጥቦ ይደርቃል። ቀሪው ዘንግም አይጣልም፤ በጎርጎኒዴ የዘንጉ እምብርት በክፍልፋዮች የተከፋፈለ ጠባብ ባዶ ቦታ ስለሆነ ቤተሰቡን ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

አሁን ሁለት ዓይነት ማየት ይከተላል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ ስካኒንግ የሚባለው፣ የእያንዳንዱን ኪንታሮት ቅርጽ ያሳያል፤ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ቀለሙን ያሳያል። በፓሲፊጎርጊያ ዝርያ ሲለይ ቀለሙ ወሳኝ ነው፦ አንዱ ኮሎኒ ቀይ ስክሌራይት ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ሌላው ቀይና ቢጫ የተቀላቀለ፤ ሌላው ደግሞ በአንዲት ቅንጣት ላይ ሁለት ቀለም። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም «ቀይ ማራገቢያ» የሆኑ ናሙናዎች በስላይድ ላይ ሲለያዩ ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው።

ከመለካት በፊት ቅንጣቶቹ በዓይነታቸው ይከፈላሉ፤ የካፕስታን ርዝመት ከእንዝርት ርዝመት ጋር ተደባልቆ ቢጻፍ ትርጉም የለውም። ከፖሊፑ እጅና አንገት የሚገኙት ጠፍጣፋ ዘንጎች ለየብቻ ይታያሉ፤ በደረቅ ናሙና እነሱን ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ፖሊፑ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ስለደረቀ። እዚህ ላይ የ1983ቱ የባየር፣ የግራስሆፍና የቬርሴፌልት በሦስት ቋንቋ የተዘጋጀ የቃላት መፍቻ ሥራውን በጣም አቅልሎታል። ከዚያ በፊት አንድ ቅንጣት በእያንዳንዱ ጸሐፊ የተለያየ ስም ስለነበረው ሁለት መግለጫዎች አንድ ነገር ይናገሩ ወይም የተለያየ፣ ናሙናውን ሳያዩ መወሰን አስቸጋሪ ነበር።

ስሙን በአንድ ናሙና ላይ መቸንከር

መግለጫው ሲያልቅ ስያሜው ይጀምራል። የቬሪል አንድ ዝርያ በብዙ ናሙናዎች የቆመ ከሆነ ሁሉም ሲንታይፕ ናቸው፤ በስሙ ላይ እኩል መብት አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ የሌላ ዝርያ ሆኖ ከተገኘ ስሙ የማን ይሆናል? ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ የሚሰጠው መፍትሔ ሌክቶታይፕ ነው፦ አንድ ተመራማሪ ከሲንታይፖቹ አንዱን መርጦ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ስሙ ለዘለቄታው ከዚያ አንድ ናሙና ጋር ይታሰራል፤ የቀሩት ፓራሌክቶታይፕ ይሆናሉ። ብሪዲና ጉዝማን በክለሳቸው ይህን መንገድ ተጠቅመዋል።

ምርጫው በውበት አይደረግም። ትልቁና ያልተሰበረው ማራገቢያ የመጀመሪያው መግለጫ ያላየው ሊሆን ይችላል። የሚመረጠው መለያ ጽሑፉ ከታተመው ቦታና ሰብሳቢ ጋር የሚስማማ፣ ልኩም ከመጀመሪያው መግለጫ ጋር የሚገጥም ናሙና ነው። የቬሪል በሚሊሜትር የተጻፉ ልኮች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ዋጋቸው የታየው እዚህ ላይ ነው። የጻፈውን ቁጥር ይዞ ወደ መሳቢያው የሚሄድ ሰው የትኛውን ኮሎኒ እንዳየ ለመገመት መነሻ አለው። «ውብ፣ ቀይ፣ መካከለኛ መጠን ያለው» ብሎ ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ስሞቹን ከናሙናዎቹ ጋር መልሶ ማገናኘት እጅግ ይከብድ ነበር።

በኮሎኒ እንስሳት አንድ ልዩ ችግር አለ። አንድ ማራገቢያ ተቆርሶ ለሁለት ሙዚየም ቢላክ ሁለቱ ቁራጮች አንድ ግለሰብ ናቸው። ስለዚህ የአንዱ ኮሎኒ ቁራጭ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ማለትም የተሰበረበትን ጠርዝ፣ ቀለሙን፣ መለያ ጽሑፉንና የልውውጥ መዝገቡን ማመሳከር ያስፈልጋል። አሮጌ መለያ ጽሑፍን ስሙ ስለተሻረ ብሎ የሚጥል ሰው ይህን መንገድ ይዘጋል። በላዩ የተጻፈው ሊቲጎርጊያ የሚል የሞተ ስም፣ የእጅ ጽሑፉና የድሮው ቁጥር ናሙናው በየትኛው ዓመት አካባቢ በማን እጅ እንዳለፈ የሚነግሩ ማስረጃዎች ናቸው። አዲሱ መለያ፣ የለየው ሰው ስምና ዓመት ያለበት፣ ከአሮጌው ጎን ይጨመራል። ስላይዱም፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ትንሽ መቆሚያም የናሙናውን ቁጥር ይይዛሉ፤ ፎቶው ታትሞ የተነሳው ቅንጣት ከየትኛው ኮሎኒ እንደመጣ ካልታወቀ ምስሉ ማስረጃነቱን ያጣል።

ከክለሳው ጋር አዳዲስ ዝርያዎችም መውጣታቸው የሚጠበቅ ነው፤ የድሮዎቹ ወሰን ሲጠራ ከወሰኑ ውጭ የቀሩት ይታያሉ። ፓሲፊጎርጊያ ባየሪ በ2001፣ ፓሲፊጎርጊያ ፊርማ በ2003 ተገልጸዋል። እነዚህ ከመጀመሪያው ሆሎታይፕ፣ ማለትም ገላጩ ራሱ የስሙ ባለቤት ብሎ የለየው አንድ ናሙና፣ አላቸው፤ ተከታዩ ሰው ሲንታይፕ መለየት አይጠበቅበትም።

ቦታና ዘረመል እስከ ምን ይረዳሉ?

ጎርጎኒያ የምዕራብ አትላንቲክ፣ ፓሲፊጎርጊያ በአብዛኛው የምሥራቅ ፓሲፊክ ከሆነ፣ መለያ ጽሑፉ ላይ ያለውን ቦታ አንብቦ ጂነሱን መጥራት አይቻልም? አይመከርም። ፓሲፊጎርጊያ ኤሌጋንስ በአትላንቲክ በኩል የሚገኝ ዝርያ ነው። የፓናማ ልሳነ ምድር ሁለቱን ባሕሮች ፈጽሞ የለያቸው የዛሬ ሦስት ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ስለሆነ አንድ ወገን በሁለቱም በኩል መገኘቱ ለተፈጥሮ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከዚህ ሌላ፣ በልሳነ ምድሩ ላይ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከ1855 ጀምሮ ሰውና ዕቃ ከባሕር ወደ ባሕር ያመላልስ ነበር። «ፓናማ» ብቻ የሚል መለያ የትኛውን ዳርቻ እንደሚያመለክት አይናገርም። ቦታው ስክሌራይቱ ለሚሰጠው ፍርድ ምስክር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዳኛ ሊሆን ግን አይገባውም።

ስለ ዘረመልም ብዙ ሰው ይጠይቃል። የስምንት እጅ ኮራሎች የሚቶኮንድሪያ (ለሴል ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዲኤንኤ የሚለወጠው በጣም በዝግታ ነው። ሙትኤስ የሚባል፣ በሌሎች እንስሳት ሚቶኮንድሪያ የማይገኝ ጂን አላቸው፤ እሱ የእንስሳት ዝርያ ለመለየት ከተለመደው የባርኮድ ጂን ትንሽ የተሻለ ልዩነት ያሳያል። ሆኖም በቅርብ የሚዛመዱ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ በእነዚህ ጂኖች አንድ ሆነው ይወጣሉ። በፓሲፊጎርጊያ ይህ በግልጽ ይታያል። ከደረቀ አሮጌ ናሙና የሚወጣው ዲኤንኤ ደግሞ የተቆራረጠ ነው። አዳዲስ ዘዴዎች ብዙ ተስፋ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ውጤታቸው ስም የሚያገኘው ከሌክቶታይፑ ጋር ሲነጻጸር ነው፣ ሌክቶታይፑ የተገለጸው ደግሞ በስክሌራይት ነው።

ዘረመል ትልቅ ለውጥ ያመጣው ከላይ ባለው ደረጃ ነው። ድሮ ጎርጎኒያኖች ሁሉ ጎርጎናሲያ በሚባል አንድ ኦርደር (ከቤተሰብ በላይ ያለ የምደባ ደረጃ) ይመደቡ ነበር፤ ኋላ ከለስላሳ ኮራሎች ጋር በአልሲዮናሲያ ውስጥ ተጠቃለሉ። በ2022 የማክፋደን፣ የፋን ኦፍዌገንና የኳትሪኒ ክለሳ አልሲዮናሲያንም አፍርሶ ስምንት እጅ ኮራሎችን ማላካልሲዮናሲያ እና ስክለራልሲዮናሲያ በሚሉ ሁለት ኦርደሮች ከፈላቸው። ጎርጎኒዴ፣ ከእሱም ጋር ፓሲፊጎርጊያ፣ በመጀመሪያው ውስጥ ገብቷል። ጎርጎኒያን የሚለው አጠራር ቀንድ መሰል ዘንግ ላላቸው ኮራሎች የወል መጠሪያ ሆኖ ቀጥሏል፤ የአንድ ዘር ግንድ ስም ግን አይደለም። ለክምችት ጠባቂ ይህ ማለት የመደርደሪያው ራስ ላይ ያለው ጽሑፍና የመረጃ ቋቱ ዓምድ ይለወጣሉ ማለት ነው። የናሙናው ቁጥር፣ የሰብሳቢው ስም፣ የስክሌራይቱ ልክ አይለወጡም።

ክለሳው ሁሉንም ናሙና ስም አላለበሰም፤ አያለብስምም። በየሙዚየሙ ቅርፊታቸው ሙሉ በሙሉ የረገፈ፣ ጥቁር ዘንጋቸው ብቻ የቀረ መረቦች አሉ። ለእነሱ «መረብ ሠሪ፣ ጎርጎኒዴ ሊሆን የሚችል» ብሎ መጻፍ ከዝርያ ስም ይልቅ ታማኝ ነው። ጥቂት ቅርፊት የቀረላቸውና ታንኳ የሌላቸው ደግሞ እስከ ጂነስ ይደርሳሉ፤ ፓሲፊጎርጊያ ተብለው፣ ልካቸውና የስክሌራይታቸው ቀለም ተጽፎ፣ የዝርያው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀመጣሉ። ያንን ባዶ ቦታ በግምት መሙላት ተከታዩ ሰው ናሙናውን ዳግም እንዳያየው ያደርገዋል፤ መግለጫው ሙሉ ከሆነ ግን ሳጥኑን ሳይከፍት እንኳ ከየትኛው ሌክቶታይፕ ጋር ማነጻጸር እንዳለበት ያውቃል።